የስቴት ፓርቲ የዋሽንግተን ቅርንጫፍ አይደለም

በ2021 የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ምርጫ ሰሞን አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ አካባቢ ያለው የኛ ሰው በሁለት ተከፍሎ ሲከራከር እንደነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የባይደን አስተዳደር በሰሜኑ ጦርነት ላይ የያዘው አቋም ያስቆጣው ወገን ዴሞክራቶችን በድምጻችን እንቅጣቸው ብሎ ተነሳ፣ ኤፓክ የሚባለው የአሜሪካ ኢትዮጵያውያን የህዝብ ጉዳዮች ኮሚቴም ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ድጋፉን በይፋ ሰጠ። ስለ ጦርነቱ ሌላ አመለካከት የነበረው ወገን ደሞ ከወዲያኛው በኩል ቆመ። በመጨረሻ ዴሞክራቱ ቴሪ ማኮሊፍ ከ3.2 ሚሊዮን በላይ ሰው በመረጠበት ምርጫ በ63 ሺህ ገደማ ድምጽ ተሸነፈ፣ ውጤቱን ያመጣነው እኛ ነን ያለም አለ፣ የኛ ቁጥር እዚህ ግባ አይባልም ያለም አለ።

ማን ልክ ነበር የሚለውን እዚህ አላነሳም፣ ቁስሉ ገና አልደረቀም። እኔን የሚያሳስበኝ ሁለቱም ወገኖች ሳይነጋገሩ የተስማሙበት ነገር ነው። ሁለቱም የቨርጂኒያን ዴሞክራቲክ ፓርቲ ያዩት እንደ ዋይት ሃውስ የክልል ጽህፈት ቤት ነው። የቨርጂኒያ ዋና ከተማ ሪችመንድ ላይ ያለውን ስትመታ ዋሽንግተን ላይ ያለው ይሰማዋል፣ ዋሽንግተን ያለውን ስትደግፍ ሪችመንድ ያለው ውለታህን ይቆጥርልሃል የሚል ስሌት ነው። ይሄ ስሌት ደሞ በየአራት አመቱ ይደገማል፣ ቨርጂኒያ ብቻ ሳይሆን ሜሪላንድ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶ፣ ኔቫዳ፣ የኛ ሰው በብዛት ባለበት ሁሉ።

እስቲ በዛው አመት ከኖቬምበሩ ምርጫ ስድስት ወር ቀደም ብሎ የሆነውን እንይ። ሜይ 8 ቀን የቨርጂኒያ ሪፐብሊካን ፓርቲ እጩውን የመረጠው በመንግስት ፕራይመሪ፣ ማለትም መንግስት በሚያካሂደው የእጩ መምረጫ ምርጫ አልነበረም፣ የፓርቲው የስቴት ማዕከላዊ ኮሚቴ ለወራት ተጨቃጭቆ ኮንቬንሽን፣ ማለትም የፓርቲው ጉባኤ ይሁን ብሎ ወሰነ፣ በኮቪድ ምክንያት ደሞ አንድ አዳራሽ ውስጥ መሰብሰብ ስላልተቻለ 39 ቦታ ላይ ተደረገ። ዋሽንግተን ያለው የሪፐብሊካን ብሄራዊ ኮሚቴ በዚህ ውሳኔ ላይ ድምጽ አልነበረውም። ቀድሞ በካውንቲው ኮሚቴ በኩል የተመዘገበ፣ የፓርቲውን እጩ እደግፋለሁ ብሎ የፈረመ መራጭ ሁሉ ዴሊጌት፣ ማለትም ጉባኤው ላይ ድምጽ የሚሰጥ ተወካይ መሆን ይችል ነበር፣ በመጨረሻ የመጣው ሰው ግን ወደ 30 ሺህ ቢጠጋ ነው። ያንግኪን ከሌሎች ስድስት እጩዎች በልጦ የወጣው እዛ ላይ ነው። በኖቬምበር ከ3.2 ሚሊዮን ሰው መሃል አንድ ድምጽ መሆንና በሜይ ከ30 ሺህ ሰው መሃል አንድ ድምጽ መሆን ምን ያህል እንደሚለያይ ማስላት ከባድ አይደለም። ያንን ሁሉ ጉልበት ለኖቬምበር ያዋለው ወገናችን በሜይ ቢወጣ ኖሮ እጩዎቹ ራሳቸው ቤተክርስቲያናችን ድረስ፣ መስጊዳችን ድረስ መጥተው ምን እንደምንፈልግ ይጠይቁን ነበር።

ይሄ የቅርንጫፍ አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እኛ ፓርቲ ሲባል ወደ አእምሯችን የሚመጣው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር ነው፣ ማዕከላዊ ኮሚቴ ይወስናል፣ ክልል ይቀበላል፣ ዞን ያስተላልፋል፣ ወረዳ ያስፈጽማል፣ ቀበሌ ስብሰባ ይጠራል። ኢህአዴግ በወረቀት ላይ የአራት ድርጅቶች ግንባር ነበር፣ ምክር ቤቱ ላይም የህዝብ ብዛት ሳይታይ እያንዳንዳቸው እኩል 45 ሰው ነበራቸው፣ በተግባር ግን ዴሞክራሲያዊ ማዕከላዊነት የሚባለው አሰራር ሁሉንም ጠፍሮ ይዞ ነው የኖረው። አጋር የሚባሉት የአፋር፣ የሶማሌ፣ የቤኒሻንጉል፣ የጋምቤላና የሐረሪ ድርጅቶች ደሞ ጭራሽ ድምጽ አልነበራቸውም። በ2019 መጨረሻ ላይ ህወሓት አልገባም ሲል ሌሎቹ ከስመው ብልጽግና የሚባል አንድ ወጥ ፓርቲ ሆኑ፣ ከዛ ወዲህ ክልል ላይ ያለው በስሙም በግብሩም ቅርንጫፍ ነው። እንደዚህ አይነት ቤት ውስጥ ያደገ ሰው አሜሪካ ሲመጣ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ሲባል አንድ ትልቅ ህንጻ፣ አንድ ሊቀመንበር፣ ከስሩ ሃምሳ ቅርንጫፍ ያለ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የዴሞክራቶቹ ብሄራዊ ኮሚቴ ዲኤንሲ በ1848፣ የሪፐብሊካኖቹ አርኤንሲ ደሞ በ1856 ሲመሰረቱ ስራቸው በአራት አመት አንዴ የሚገናኙትን የስቴት ፓርቲዎች ማስተባበርና ኮንቬንሽን መጥራት ነበር። ዛሬም አርኤንሲ ማለት 168 ሰው ነው፣ ከእያንዳንዱ ስቴት፣ ከዲሲና ከአምስቱ ግዛቶች ሶስት ሶስት ሰው፣ የስቴቱ ፓርቲ ሊቀመንበርና አንድ ወንድ አንድ ሴት ተወካይ። ስድስት መቶ ሺህ ሰው የማይሞላባት ዋዮሚንግና ከ39 ሚሊዮን በላይ ሰው ያለባት ካሊፎርኒያ እኩል ሶስት ናቸው። ዲኤንሲ ደሞ ከ400 በላይ አባላት አሉት፣ የስቴቶቹ ሊቀመንበርና ምክትላቸው በቀጥታ ይገባሉ፣ 200ው ደሞ በስቴቶቹ መጠን ይደለደላል። ማለትም ብሄራዊ ፓርቲ የሚባለው ነገር የተሰራው ከስቴት ፓርቲዎቹ ነው።

እነማን ሊቀመንበር እንደሚሆኑ ደሞ ተመልከቱ። በፌብሩዋሪ 2025 የዲኤንሲ ሊቀመንበር የሆነው ኬን ማርቲን ከ2011 ጀምሮ የሚኒሶታን ፓርቲ ሲመራ የነበረ፣ የስቴት ሊቀመንበሮቹንም ማህበር ሲመራ የቆየ ሰው ነው፣ ድምጽ የሰጡት ሰዎች ለአመታት ስልክ የሚደዋወላቸው የስቴት ሰዎች ናቸው። ከሱ በፊት የነበረው ጄሚ ሃሪሰን የሳውዝ ካሮላይና ፓርቲ ሊቀመንበር ነበር። በሪፐብሊካኑ በኩልም ራይንስ ፕሪበስ ከዊስኮንሰን፣ ሮና ማክዳንኤል ከሚሺጋን፣ ማይክል ዋትሊ ከኖርዝ ካሮላይና ነው የመጡት። እርግጥ ፓርቲው ዋይት ሃውስን ሲይዝ ሊቀመንበሩን በተግባር የሚመርጠው ፕሬዚዳንቱ ነው፣ ኮሚቴው ያጸድቃል እንጂ አይከራከርም። ቢሆንም ሰዎቹ ያደጉት የስቴት ፓርቲ ውስጥ ነው።

የስቴት ፓርቲ ምን ያህል የራሱ ጌታ እንደሆነ ለማየት ደሞ 1948ን ማስታወስ ይበቃል። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን የገዛ ፓርቲው እጩ፣ ስልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት፣ አላባማ ላይ ግን ስሙ የድምጽ መስጫ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። የአላባማ ዴሞክራቲክ ፓርቲ የጥቁሮችን የሲቪል መብት ጉዳይ ተቃውሞ የፓርቲውን ቦታ የዘር መለያየትን ለሚደግፈው ለሳውዝ ካሮላይናው አገረ ገዥ ስትሮም ተርመንድ ሰጠው። ተርመንድ በአላባማ፣ በሚሲሲፒ፣ በሉዊዚያናና በሳውዝ ካሮላይና አሸነፈ፣ አራቱም ላይ የስቴቱ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ኦፊሻል እጩ ሆኖ ነው የቀረበው። በ1964ም ሊንደን ጆንሰን አላባማ ላይ ስሙ አልነበረም። ዋሽንግተን ያለው ፓርቲ ለፕሬዚዳንትነት ያቀረበውን ሰው የስቴት ፓርቲ ከወረቀት ያስወጣዋል ማለት ነው፣ ቅርንጫፍ እንዲህ አያደርግም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነስቶ "ታዲያ የስቴት ፓርቲ ነጻነት ዘረኞችን ነው የጠቀመው" ቢለኝ አልከራከረውም። ልክ ነው። ለዚህ ነው የሚሲሲፒ ፍሪደም ዴሞክራቲክ ፓርቲ ታሪክ በኔ ግምት ከሁሉም በላይ እኛ ልናውቀው የሚገባው። የሚሲሲፒ ዴሞክራቲክ ፓርቲ ጥቁሮችን ጨርሶ ከስብሰባ ሲያግድ የመብት ታጋይዋ ፋኒ ሉ ሄመርና ጓደኞቿ ዋሽንግተን ሄደው ሰልፍ በመውጣት ብቻ አልተወሰኑም፣ የራሳቸውን ፓርቲ ከፕሪሲንክት፣ ከትንሹ የምርጫ ክልል ጀምሮ ሰሩ፣ የካውንቲ ስብሰባ አደረጉ፣ በ1964 ኦገስት ላይ ጃክሰን ከተማ የስቴት ኮንቬንሽን ጠርተው ዴሊጌት መረጡ፣ ከዛ አትላንቲክ ሲቲ ብሄራዊው ኮንቬንሽን ላይ ትክክለኛው የሚሲሲፒ ፓርቲ እኛ ነን ብለው በደንቡ መሰረት ወንበር ጠየቁ። ብሄራዊው ፓርቲ ሁለት ወንበር ብቻ ልስጣችሁ አላቸው፣ እምቢ አሉ። አራት አመት ቆይቶ ቺካጎ በተደረገው ኮንቬንሽን ላይ ግን የነጮቹ ቡድን ወጥቶ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለበት የሚሲሲፒ ቡድን ተቀመጠ፣ ከዛ ፓርቲው ደንቡን እንዲያሻሽል ያቋቋመው የማክገቨርን ፍሬዘር ኮሚሽን መጥቶ በ1972 ዴሊጌት አመራረጡን በሙሉ ቀየረው። ብሄራዊው ፓርቲ ስቴቱን ያረመው ከስር የስቴት ፓርቲ የሰሩ ሰዎች ማስረጃ ይዘው በሩ ላይ ስለቆሙ ነው። እንደዛ ባይሆን ኖሮ የሚያርመው ነገር እንኳን በእጁ አልነበረም።

ፍርድ ቤትም ገብቶበታል። በ1972 የቺካጎው ከንቲባ ሪቻርድ ዴሊ 59 ዴሊጌቶች የፓርቲውን ደንብ ጥሰዋል ተብለው ከኮንቬንሽኑ ተባረሩ፣ የኢሊኖይ ፍርድ ቤት ደሞ በነሱ ቦታ የተቀመጡትን ከለከለ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 ኮንቬንሽኑ ላይ ማን እንደሚቀመጥ የሚወስነው የብሄራዊ ፓርቲው ደንብ ነው አለ። በ1981 ዊስኮንሰን ላይም ተመሳሳይ ፍርድ ሰጠ። በ1989 ደሞ የካሊፎርኒያ መንግስት የፓርቲዎችን የውስጥ አደረጃጀት በህግ መደንገግ አይችልም ብሎ ለፓርቲዎቹ ፈረደ። በአጭሩ የፕሬዚዳንት እጩ ጉዳይ ላይ ብሄራዊው ፓርቲ የኮንቬንሽኑን በር ይዟል፣ ከዛ ውጪ ያለው ሁሉ፣ ማለትም አገረ ገዥ፣ የስቴት ምክር ቤት፣ የካውንቲ ኮሚቴ፣ ኢንዶርስመንት (ፓርቲው ለእጩ የሚሰጠው ይፋዊ ድጋፍ)፣ የስቴቱ ጉዳይ ነው።

ያንንም በር ቢሆን እንደፈለገ አይዘጋውም። በ2008 ሚሺጋንና ፍሎሪዳ ከተፈቀደው ቀን ቀድመው ፕራይመሪ ስላደረጉ ዲኤንሲ ዴሊጌቶቻቸውን በሙሉ ሰረዘ፣ በሜይ መጨረሻ ግማሽ ድምጽ መለሰ፣ ኮንቬንሽኑ ሲደርስ ሙሉውን መለሰ። በ2024 ደሞ ሳውዝ ካሮላይና ትቅደም ተብሎ ተወስኖ ኒው ሃምፕሻየር ህጌ አንደኛ ነሽ ይለኛል ብላ ጃንዋሪ 23 ላይ ቀደመች፣ ባይደን ስሙን አላስመዘገበም፣ የስቴቱ ፓርቲ ሰዎች ግን መራጩ ስሙን በእጁ እንዲጽፍ ቀስቅሰው አሸነፈ፣ ዴሊጌቶቻቸውም በኋላ ተመለሱላቸው። ሁለቱም ጊዜ ስቴቶቹ የጠበቁት ነገር ሆነ፣ ኖቬምበር ላይ ያንን ስቴት የሚፈልግ ፓርቲ ዴሊጌቶቹን ሜዳ ላይ ጥሎ አይሄድም።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ነገር ልምጣ፣ ገንዘብ። ደንቡ የስቴት ፓርቲዎቹን ነጻ ቢያደርጋቸውም ገንዘቡ ቀስ በቀስ የዋሽንግተን ፖስታ ሳጥን አድርጓቸዋል። በ2016 የሂላሪ ቪክትሪ ፈንድ የሚባለው የሂላሪ ክሊንተን ዘመቻ የጋራ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ከ30 በላይ የስቴት ፓርቲዎችን አንድ ላይ አሰረ። ህጉ አንድ ሰው ለአንድ የስቴት ፓርቲ በአመት እስከ 10 ሺህ ዶላር መስጠት ይፈቅድለታል፣ ሱፕሪም ኮርት ደሞ በ2014 አጠቃላይ ጣሪያውን አንስቶት ነበር፣ ስለዚህ አንድ ሀብታም በአንድ ቼክ ለሰላሳ ስቴት 300 ሺህ ዶላር ሰጠ ማለት ነው በወረቀት ላይ። በተግባር ግን ገንዘቡ የስቴቶቹን አካውንት ነክቶ ወደ ዲኤንሲ ይመለስ ነበር። ፖለቲኮ በሜይ 2016 የፌዴራል ሪፖርቶቹን አይቶ እንደዘገበው ከተሰበሰበው 61 ሚሊዮን ዶላር ስቴቶቹ ጋር የቀረው 1 በመቶ አይሞላም። የሚሲሲፒና የአላስካ ፓርቲ ስም ብሩን ለማሳለፊያ አገለገለ፣ እዛ ያለው ቢሮ ግን ለስቴት ምክር ቤት ለሚወዳደር ሰው በራሪ ወረቀት የሚያሳትምበት አጣ። ህጋዊ ነው ይላሉ፣ ህጋዊ መሆኑ ትክክል አያደርገውም።

ከዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ ደሞ አይተናል። ሃዋርድ ዲን በ2005 የዲኤንሲ ሊቀመንበር ሲሆን የሃምሳ ስቴት ስትራቴጂ ብሎ በእያንዳንዱ ስቴት፣ ዴሞክራት የሚጠላበት ዩታ ሳይቀር፣ የሚከፈላቸው ኦርጋናይዘሮች አስቀመጠ። ደሞዛቸውን ዲኤንሲ ይከፍላል፣ የሚሰሩት ግን ለስቴት ፓርቲው ነው። ራም ኢማኑኤል ያኔ የምክር ቤቱን የዴሞክራቶች የምርጫ ዘመቻ ይመራ ስለነበር በጣም ተናደደ፣ ብሩ ማሸነፍ በምንችልባቸው ወረዳዎች ላይ ይዋል እንጂ ሚሲሲፒ ምን ያደርጋል የሚል ክርክር ነበር። ሁለቱም የሚሉት ሚዛን የሚደፋ ነገር አለው፣ አንድ ዶላር ሁለት ቦታ አይውልም። ቢሆንም በ2006 ፓርቲው ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዘ፣ በ2008 ኦባማ ኢንዲያናን ከ1964 ወዲህ፣ ኖርዝ ካሮላይናን ከ1976 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዴሞክራት አሸነፈ። ይሄ ሁሉ የዲን ስራ ነው አልልም፣ የኢራቅ ጦርነትም የኢኮኖሚው ቀውስም ነበር፣ ግን ሰው ቀድሞ መሬት ላይ ያለበትና የሌለበት ስቴት አንድ አይደለም።

ከዛ ምን ሆነ? ዲን ወጣ፣ ኦርጋናይዘሮቹ ተበተኑ፣ የኦባማ ካምፔይን የሰራው ያ ትልቅ የበጎ ፈቃደኛ ሰራዊት ደሞ ወደ ስቴት ፓርቲዎቹ ከመግባት ይልቅ ኦርጋናይዚንግ ፎር አሜሪካ በሚል ስም ከዋሽንግተን የሚመራ ሆነ። የስቴት ሊቀመንበሮቹ በገዛ ስቴታቸው ማን ምን እየሰራ እንደሆነ አያውቁም ነበር ማለት ይቻላል። ሪፐብሊካኖቹ በአንጻሩ በ2010 ሬድማፕ በሚል ፕሮጀክት 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በስቴት ምክር ቤት ምርጫዎች ላይ አፈሰሱ፣ ለሴኔት አንድ ምርጫ የሚወጣውን ያህል ገንዘብ፣ በሱም የምርጫ ወረዳ ካርታ የሚስሉትን ምክር ቤቶች ያዙ። ዴሞክራቶች በኦባማ ስምንት አመት ውስጥ በመላ አገሪቱ ከ900 በላይ የስቴት ምክር ቤት ወንበር አጡ። ፕሬዚዳንቱን የሚወድ ህዝብ ነበር፣ የምርጫ ወረዳውን የሚጠብቅ ፓርቲ ግን አልነበረም። ኬን ማርቲን በ2025 ለእያንዳንዱ የስቴት ፓርቲ በወር 17,500 ዶላር፣ ሪፐብሊካኖች ለሚቆጣጠሯቸው ስቴቶች ደሞ 22,500 ዶላር እንልካለን ብሎ ሲያውጅ እኔ ደስ ብሎኛል። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ አንድ ቢሮ ከሶስት አራት ሰራተኛ ጋር ቢያቆም ነው፣ ግን በየወሩ መሆኑ ላይ ነው ጥቅሙ፣ ምርጫ በሌለበት አመትም ያ ቢሮ ክፍት ይሆናል።

ነጻነት ሲባል ደሞ የስቴት ፓርቲ ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም፣ ይሄንን መደበቅ አልፈልግም። የስቴትና የካውንቲ ኮሚቴዎች ስብሰባ ላይ የሚመጣው ሰው ትንሽ ስለሆነ በጣም የተቆጡ ጥቂት ሰዎች በቀላሉ ይይዙታል። የአሪዞና ሪፐብሊካን ፓርቲ በ2014 የራሱን ሴናተር ጆን ማኬይንን በይፋ አውግዟል፣ የዋዮሚንግ ፓርቲ በ2021 ሊዝ ቼኒን አንቺን እንደ ሪፐብሊካን አናውቅሽም አላት። በሚሺጋን በፌብሩዋሪ 2023 ክሪስቲና ካራሞ የፓርቲው ሊቀመንበር ሆነች፣ አመት ሳይሞላ ፓርቲው ዕዳ ውስጥ ገብቶ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ በጃንዋሪ 2024 አወረድናት አሉ፣ እሷ አልወርድም አለች፣ አርኤንሲ ፒት ሆክስትራን አውቃለሁ አለ፣ በመጨረሻ ዳኛ ነው የገላገላቸው። አላባማ ላይ ደሞ በ2018 የዴሞክራቶቹ ሊቀመንበር ምርጫ ደንብ የጣሰ ነው ብሎ ዲኤንሲ አዲስ መተዳደሪያ ደንብ እስኪወጣ ድረስ ተጫናቸው፣ በ2019 አዲስ አመራር ተመረጠ። ከእነዚህ የማየው ብሄራዊው ፓርቲ ቤቱ ሲፈርስ መግባት እንዳለበት ነው፣ ሲገባም በደንብና በቀን ገደብ መሆን አለበት፣ የወደደውን ሰው ለማስቀመጥ ሲገባ ግን የስቴቱ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ አይመጣም።

ወደኛ ሰው ስመለስ፣ ሚኒሶታን አስቀድማለሁ ምክንያቱም እዛ ያለው ነገር በጣም ይታያል። የሚኒሶታ ዴሞክራቶች ስማቸው ራሱ የተለየ ነው፣ ዴሞክራቲክ ፋርመር ሌበር ይባላሉ፣ ዲኤፍኤል፣ በ1944 ሁለት ፓርቲዎች ተዋህደው የተፈጠሩ ናቸው። በሰፈር ኮከስ፣ ማለትም በፓርቲው የሰፈር ስብሰባ ይጀምራሉ፣ እዛ የተመረጠ ሰው ወደላይ ዴሊጌት ሆኖ ይሄዳል፣ ኮንቬንሽኑ ደሞ ኢንዶርስመንት ይሰጣል። በጁላይ 2025 የሚኒያፖሊስ ከተማ ዲኤፍኤል ኮንቬንሽን ስልጣን ላይ ያለውን ከንቲባ ጄከብ ፍሬይን ትቶ ለኦማር ፋቴህ፣ ለሶማሌ ስደተኞች ልጅ፣ ኢንዶርስመንቱን ሰጠ። በኦገስት የስቴቱ ፓርቲ የድምጽ አሰጣጡ ችግር ነበረበት ብሎ ሻረው፣ የከተማውን ፓርቲም በክትትል ስር አደረገው። ኖቬምበር ላይ ፍሬይ አሸነፈ። ውሳኔው ትክክል ነበር አልነበረም በሚለው ሰው ይለያያል፣ እኔ ግን የሚገርመኝ ሌላ ነው፣ ከሶማሊያ የመጡ ወገኖች በአንድ ትውልድ ውስጥ የከተማ ኮንቬንሽን የሚያናውጥ ቁጥር ይዘው ገብተዋል፣ የከተማ ፓርቲና የስቴት ፓርቲ በነሱ እጩ ምክንያት እስከመጋጨት ደርሰዋል። እዛው ከተማ ውስጥ ለስንት አመት የኖረ የኛ ማህበረሰብ አለ። ስንቶቻችን ነን የኮከሱን ቀን የምናውቀው?

እኛ የምናውቀው ዋሽንግተንን ነው። ስቴት ዲፓርትመንት ፊት ለፊት ብርድ ላይ ቆመን ለሰዓታት ጮኸናል፣ በጦርነቱ ምክንያት ኢትዮጵያ ላይ ማዕቀብ የሚጠይቀው የኮንግረስ ረቂቅ ህግ ኤችአር 6600 ሲመጣ በሺዎች የሚቆጠር ስልክ ደውለናል፣ አንዱ ወገን ለማስቆም ሌላው ወገን ለማስጸደቅ። ያንን ጉልበት አልንቅም፣ ከልብ የመጣ ነው። ግን የኮንግረስ አባሉ ስልኩን የሚያነሳው በመጀመሪያ የካውንቲው ኮሚቴ ሊቀመንበር ሲደውልለት ነው፣ ምክንያቱም በሚቀጥለው ፕራይመሪ በር የሚያንኳኩለት ሰዎች እዛ ኮሚቴ ውስጥ ነው ያሉት፣ የመራጮች ዝርዝርም በዴሞክራቶቹ በኩል የስቴት ፓርቲዎቹ ንብረት ነው። በገንዘብም እንዲሁ ነው፣ ለፕሬዚዳንት እጩ ካምፔይን ብለን እራት አዘጋጅተን ስናዋጣ በቢሊዮን ከሚቆጠር ገንዘብ ውስጥ የኛ ብር መግባቱንም የሚያይ የለም፣ ያው ገንዘብ ለካውንቲ ኮሚቴ ቢሰጥ የሚያመሰግን ሰው በስም ያውቃችኋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉት አንድ ነገር ልንገራቸው፣ ሜሪላንድ ላይ ይሄ ጉዳይ ከየትኛውም ቦታ በላይ ቅርብ ነው። የፓርቲው የካውንቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት የሚመረጡት በየአራት አመቱ በአገረ ገዥው ምርጫ አመት ፕራይመሪ ላይ ነው፣ 2022 ላይ ነበር፣ ከዛ 2026። ስማቸው ወረቀቱ ላይ ወደ ታች ነው ያለው፣ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፈዋል። የስቴት ሴናተር ወይም ዴሊጌት (እዚህ የስቴቱ የታችኛው ምክር ቤት አባል ማለት ነው) በሞት ወይም በሌላ ምክንያት ቦታውን ሲለቅ ግን ተተኪውን የሚጠቁመው ይሄ ኮሚቴ ነው፣ አገረ ገዥው የኮሚቴውን ሰው ይሾማል። ከሞንትጎመሪ ካውንቲ ጥቂት የማይባሉ የምክር ቤት አባላት መጀመሪያ የስቴቱ ምክር ቤት ያለበት አናፖሊስ የገቡት በህዝብ ምርጫ ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው፣ አንድ መካከለኛ ክፍል የማይሞሉ ሰዎች ድምጽ ሰጥተውላቸው። ለመወዳደር የፓርቲው አባል ሆኖ መመዝገብና እዛው ነዋሪ መሆን እንጂ ሚሊየነር መሆን አይጠይቅም። ዕድር የሚመራ፣ የቤተክርስቲያን ሰበካ ጉባኤ ላይ ለአመታት የሰራ፣ የመስጊድ ኮሚቴ ያስተባበረ፣ የታክሲ ማህበር ያደራጀ ሰው ከዚህ የከበደ ስራ ሰርቷል። በሚቀጥለው ፕራይመሪ ያ ዝርዝር ላይ፣ ዴሞክራትም ይሁን ሪፐብሊካን፣ ሶስት አራት የኛ ስም ማየት እፈልጋለሁ።